70 በ45 ሴንቲ ሜትር ጠረጴዛ ላይ የጌም ላፕቶፕ፦ 14 ኢንች ወይስ 15.6?

#1 ጠባብቤት

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ላለ ስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም የሚሆን፣ ለትምህርትም የሚያገለግል የጌም ላፕቶፕ ለመምረጥ እርዳታችሁን እፈልጋለሁ። ያለው ቦታ በአልጋውና በቁም ሳጥኑ መሃል የገባ አንድ ጠረጴዛ ነው። ወርዱ 70፣ ጥልቀቱ 45 ሴንቲ ሜትር፣ ከኋላው ግድግዳ፣ በቀኙ የቁም ሳጥኑ ጎን። ሌላ ጠረጴዛ አይገባም።

ጌሞቹ ኢኤ ኤፍሲ (እግር ኳስ)፣ ካውንተር ስትራይክ 2 (ተኩስ)፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ሳይበርፐንክ 2077 ናቸው። የታሰቡት ላፕቶፖች ሁለት ናቸው። አንዱ ሌኖቮ ሎክ 15 ከአርቲኤክስ 4060 (የግራፊክስ ቺፕ) ጋር፣ ሌላው የ2024ቱ አሱስ ዜፊረስ ጂ14፣ እሱም ባለ 4060። ዜፊረሱ በዋጋ በጣም ይበልጣል። በሁለቱ መካከል ያለው የቦታ ልዩነት ያን ያህል ብር ያወጣል? ዕቃውን ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ የሚያመጣ ዘመድ አለ።

#2 ብሎንፈቺ

ወንድሜ፣ ከሞዴሉ በፊት ሜትር አውጣ። ብዙ ሰው የላፕቶፑን አካል ብቻ ለክቶ «ይገባል» ብሎ ይገዛል። ጠረጴዛህን የሚበላው ግን አካሉ ብቻ አይደለም፤ ከኋላው የሚወጣው አየር፣ ኬብሉና የማውስ እጅህም ቦታ ይፈልጋሉ።

ከጥልቀቱ እንጀምር። ሎክ 15 በግምት 36 በ26 ሴንቲ ሜትር ነው። ትኩሱን አየር በአብዛኛው ወደ ኋላ ይተፋል፤ ስለዚህ ከግድግዳው ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር መራቅ አለበት፣ 15 ቢሆን ይመረጣል። ቻርጀሩም ከኋላ ስለሚሰካ ኬብሉ የሚታጠፈው በዚያው ክፍተት ውስጥ ነው። 26 እና 10 ሲደመር 36። ከ45ቱ ከፊትህ የሚተርፍህ 9 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። አንጓህ ላፕቶፑ ላይ ያርፋል፣ ክንድህ ግን ግማሹ አየር ላይ ይንጠለጠላል። ለአንድ ሰዓት አይታወቅህም፤ በሦስተኛው ሰዓት ትከሻህ ላይ ይሰማሃል።

ሌላም አለ። እንደዚህ ባሉት ላፕቶፖች የስክሪኑ ማጠፊያ ጀርባው ጫፍ ላይ አይደለም የተተከለው። ወደ ፊት ገባ ብሎ ነው፣ ከበስተኋላው «ጅራት» ይቀራል። ስለዚህ 15.6 ኢንቹ ስክሪን ከምታስበው በላይ ወደ ፊትህ ይጠጋል። ጥልቀቱ 45 በሆነ ጠረጴዛ ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጂ14 31.1 በ22 ሴንቲ ሜትር ነው። 22 እና 10፣ 32፤ ከፊት 13 ይተርፋል። በወርድ በኩል ደግሞ ሎክ 34፣ ጂ14 39 ሴንቲ ሜትር ያተርፍልሃል። ካውንተር ስትራይክ የምትጫወት ከሆነ ይህን ቁጥር አትናቀው። ማውስህ 800 ዲፒአይ (የማውሱ የራሱ ፍጥነት) ላይ፣ ሴንሲቲቪቲህ (በጌሙ ውስጥ የምትመርጠው) 2.0 ላይ ቢሆን ሙሉ ዙር ለመዞር ማውሱ 26 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል። በ1.0 ከሆነ 52 ነው፣ እሱን በዚህ ጠረጴዛ ላይ እርሳው። 34 ሴንቲ ሜትር ላይ 2.0 ይሠራል፣ ግን ቀኝህ ቁም ሳጥን ስለሆነ ክርንህ ይጋጫል። ላፕቶፑን እስከ ግራው ጠርዝ ግፋው።

እዚህ ላይ የቁጥር ሰሌዳውን አስብ። 15.6 ኢንቹ ኪቦርድ በቀኝ በኩል የቁጥር ቁልፎች አሉት፤ ስለዚህ ለመንቀሳቀስ የምትጠቀምባቸው ፊደላት ከስክሪኑ መሃል ወደ ግራ ይሸሻሉ። እጅህ ግራ፣ ዓይንህ መሃል፣ ማውሱ ደግሞ ሩቅ ቀኝ። 14 ኢንቹ የቁጥር ቁልፍ ስለሌለው እጅና ዓይን አንድ መስመር ላይ ይሆናሉ።

#3 ደጋአየር

ብሎንፈቺ ያለው 10 ሴንቲ ሜትር ትክክል ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን እኔ 15ን እንደ ግዴታ ነው የማየው፤ ምክንያቱም የሚከተለው ነው።

ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ፋኑ በደቂቃ ያንኑ ያህል ቢዞርም የሚገፋው አየር ክብደት ያነሰ ነው፣ ተሸክሞ የሚያወጣው ሙቀትም እንደዚያው። ስለዚህ ዝቅተኛ ቦታ ላይ የተለካ የዩቲዩብ ሙከራ ጂፒዩው (የግራፊክስ ቺፑ) 78 ዲግሪ ላይ ቆመ ካለህ፣ የክፍሉ ሙቀት እኩል ሆኖ እዚህ ትንሽ ከፍ ብሎ ታገኘዋለህ። የሚያካክስልን የአገሩ ቅዝቃዜ ነው። የክፍሉ ሙቀት በ5 ዲግሪ ሲቀንስ የላፕቶፑም ውስጥ በዚያው መጠን ገደማ ይወርዳል። ማታ መስኮቱን ገርበብ አድርጎ መጫወት ብቻውን ትልቅ ጥቅም አለው።

ቀጫጭን ላፕቶፖች በዚህ በኩል ይጎዳሉ። ውስጣቸው ያለው የመዳብ ቱቦና ክንፍ ትንሽ ነው፤ ለዚህ ነው ፋኖቻቸው ቶሎ የሚጮኹት።

አልጋ ላይ ደግሞ አትሞክሩት። አየር የሚገባው ከሆዱ በኩል ነው፤ ጋቢም ብርድ ልብስም ቀዳዳውን ይደፍነዋል። በደቂቃዎች ውስጥ ሲፒዩው (ዋናው ፕሮሰሰር) የሙቀት ጣሪያው ላይ ይደርሳል፣ የብዙዎቹ ኢንቴሎች ጣሪያ 100 ዲግሪ ነው። ከዚያ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ጌሙም መንተባተብ ይጀምራል። የግድ አልጋ ላይ ከሆነ ከላፕቶፑ በየጎኑ 5 ሴንቲ ሜትር የሚተርፍ ጠፍጣፋ ጣውላ ከሥሩ ይሁን።

#4 ጠባብቤት

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ከኋላ 15 ሴንቲ ሜትር ከተተወ ለሎክ ከፊት 4 ብቻ ነው የሚቀረው። ጠረጴዛውን ከግድግዳ መሳብ አይቻልም፣ በሩ ይያዛል። መፍትሔ አለው?

#5 ደጋአየር

አለው። በሩ የሚይዘው ስንት ሴንቲ ሜትር ሲሳብ እንደሆነ ለካ። 5 እንኳ ብትስበው በጠረጴዛውና በግድግዳው መካከል ክፍተት ይፈጠራል፣ ትኩሱ አየር በዚያ ወደ ላይም ወደ ታችም ያመልጣል። አየሩን የሚያስቸግረው ርቀቱ ብቻ አይደለም፤ ከሥሩ ጠረጴዛ፣ ከፊቱ ግድግዳ ሆኖ ወደ ራሱ ወደ ላፕቶፑ ሆድ ሲመለስ ነው ችግሩ። አንዱ ወገን ከተከፈተለት 10 ሴንቲ ሜትር ይበቃዋል።

ሁለተኛው መላ ማዞር ነው። ላፕቶፑን ትይዩ ከማድረግ በ15 ወይም በ20 ዲግሪ ሰያፍ አስቀምጠው፣ ጀርባው ወደ ክፍቱ ወደ አልጋው በኩል ይዙር። አየሩ ግድግዳውን ፊት ለፊት አይመታም፣ ተንሸራትቶ ይሄዳል።

ሦስተኛው ከኋላ ከፍ ማድረግ ነው። የሃይላንድ ክዳን አንዱ 1.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሁለት ሁለቱን ደራርበህ በዶብል ቴፕ አጣብቅና በኋለኞቹ የጎማ እግሮች ሥር አስገባ። እግሮቹ ሥር እንጂ ቀዳዳው ላይ እንዳይሆን በባትሪ አብርተህ ተመልከት። ይህ ብቻውን ጥቂት ዲግሪዎችን ይቀንሳል። ፋን ያለው ማቀዝቀዣ ሰሌዳ ግን ለዚህ ጠረጴዛ አልመክርም፤ ራሱ ከላፕቶፑ ይሰፋል፣ ፊቱንም 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር ከፍ ስለሚያደርገው አንጓህ ይጎነበሳል።

#6 ሃምሳዋት

እስካሁን ስለ ልኬት ብቻ ነው የተወራው። «ሁለቱም 4060 ናቸው» የሚለው አባባል ግን መታረም አለበት። የላፕቶፕ ጂፒዩ ስም ግማሽ መረጃ ነው፣ ግማሹ ዋቱ ነው። ኤንቪዲያ ለላፕቶፕ 4060 የተወው ክልል ከ35 እስከ 115 ዋት ነው፣ ከሲፒዩው የሚበደረው ተጨማሪ ሳይቆጠር። ስሙ ያው ሆኖ አንዱ በ45 ዋት፣ ሌላው በ115 ዋት ሊሠራ ይችላል፣ አቅማቸውም ሰፊ ልዩነት አለው።

የ2024ቱ ጂ14 እስከ 90 ዋት ይሰጠዋል። ሎክ ከዚያ ከፍ ያደርገዋል። ደስ የሚለው ነገር 4060 ከ100 ዋት በላይ ሲሰጠው ትርፉ በጣም ትንሽ መሆኑ ነው፤ የቮልቴጅ ጣሪያው ይገታዋል። ስለዚህ በ90 እና በ115 መካከል ያለው ልዩነት በኤፍሲ ላይ ጨርሶ አይታይህም፣ በሳይበርፐንክ ላይ ጥቂት ፍሬም (በሰከንድ የሚታይ ምስል) ነው። የምትፈራው የ45 እና የ60 ዋቱን ነው፤ እነዚህ «ስሊም» ተብለው ለቢሮም ለጌምም በሚሸጡት ውስጥ ይገኛሉ።

ስክሪኑም ይቆጠራል። የጂ14 ስክሪን 2880 በ1800 ኦሌድ ነው። ምስሉ እጅግ ያምራል፣ ግን የነጥቦቹ ብዛት ከ1920 በ1080 ሁለት እጥፍ ተኩል ነው። 8 ጊጋ የግራፊክስ ሜሞሪ ያለው 4060 ሳይበርፐንክን በዚያ ጥራት ከባድ ሴቲንግ ላይ አይሸከምም፤ ዲኤልኤስኤስ (ጌሙን በዝቅተኛ ጥራት ሠርቶ ምስሉን የሚያሳድግ የኤንቪዲያ ዘዴ) ማብራት ወይም ጥራቱን ወደ 1920 በ1200 ማውረድ ግድ ነው። ስክሪኑ ትንሽ ስለሆነ ማውረዱ ብዙም አይታወቅም።

እንግዲህ መሃል ላይ ያለ አንድ አማራጭ ልጥቀስ፦ አሱስ ታፍ ኤ14። 31.1 በ22.7 ሴንቲ ሜትር፣ 1.46 ኪሎ፣ ባለ 4060። ቦታው ከጂ14 ጋር እኩል ነው፣ ዋጋው በአብዛኛው ይቀንሳል። ዋናው ጉድለቱ ከጂ14 ጋር የሚጋሩት ነው፤ ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። 16 ጊጋ ገዝቶ በኋላ መጨመር የለም። ከቻልክ ከመጀመሪያው 32 ውሰድ። ሎክ ሁለት የራም ማስገቢያ አለው፣ በካቻቢቴ የሚፈታ ነገር ነው።

#7 ትንሽሳጥን

ሐሳቤ ከሁላችሁም ይለያል። ቦታ ከጠበበ ለምን ላፕቶፕ? ባለ 10 ሊትር ትንሽ ዴስክቶፕ ከጠረጴዛው ሥር ወይም ከቁም ሳጥኑ አናት ይቀመጣል፣ ጠረጴዛው ላይ ስክሪንና ኪቦርድ ብቻ ይቀራል። የዴስክቶፕ 4060 ከላፕቶፑ ይፈጥናል፣ ሲበላሽ ክፍሉ ይቀየራል።

ወይም ደግሞ በእጅ የሚያዝ። ስቲም ዴክ ኦሌድ 640 ግራም ነው፣ መሳቢያ ውስጥ ይገባል።

#8 ብሎንፈቺ

ትንሽሳጥን፣ ነጥብህ ከባድ ነው፤ መጠገንን በተመለከተ አልከራከርህም። ለዚህ ሰው ግን ሁለት እንቅፋት አለው። አንደኛ፣ ዴስክቶፕ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) ሊገዛለት ነው፣ ዩፒኤሱም ራሱ ወለል ላይ ቦታ ይይዛል። ላፕቶፕ ባትሪው ዩፒኤሱ ነው፤ መብራት ሲሄድ ፍሬሙ ቢወርድም ጨዋታውን ታስቀምጣለህ። ሁለተኛ፣ ዕቃው በሻንጣ ከአሜሪካ ነው የሚመጣው።

ስቲም ዴክን በተመለከተ እሱ የሚጫወተው ኤፍሲ ነው። አዲሶቹ ኤፍሲዎች የያዙት የኢኤ ፀረ ማጭበርበሪያ በስቲም ኦኤስ ላይ አይሠራም፣ ጌሙ አይከፈትም። የእጅ መጫወቻ ከተፈለገ ዊንዶውስ ያለው ሮግ አላይ ይሻላል፤ ግን የትምህርት ሥራ በ7 ኢንች ስክሪን አይሠራም።

ለራውተሩ ግን ሁላችሁም ልብ በሉ። ላፕቶፑ ባትሪ ቢኖረውም ራውተሩ ከጠፋ ኦንላይን ጨዋታው ተቋረጠ። መዳፍ የምታህል የ12 ቮልት ሚኒ ዩፒኤስ አለች፣ ከራውተሩ ጀርባ በዶብል ቴፕ ትለጠፋለች። ራውተሩ ላይ የተጻፈውን ቮልትና አምፒር አንብባችሁ ግዙ፤ 9 ቮልት የሚፈልጉም አሉ።

#9 ሲልቨርማርያላንድ

ዕቃውን ለሚያመጣው ዘመድህ ይህን ላክለት።

እዚህ አሜሪካ እንደገዛ ካርቶኑን ከፍቶ ቢያንስ ለሦስትና አራት ቀን ይሞክረው። የመመለሻው ጊዜ የሚሠራው እዚሁ እያለ ነው። የሞተ ነጥብ ያለው ስክሪን፣ የሚንኳኳ ፋን፣ አንዱ ጎኑ የማይሠራ ስፒከር እዚህ ሲገኝ ይቀየራል፣ አዲስ አበባ ሲገኝ ይቀራል። ዋስትናውም በሌላ አገር የሚሠራ መሆኑን ከአምራቹ ገጽ ላይ በመለያ ቁጥሩ ያጣራ፤ በተገዛበት አገር ብቻ የታጠረ ብዙ ነው።

ላፕቶፑ በእጅ ሻንጣ ይግባ። የጌም ላፕቶፖች ባትሪ ከ100 ዋት ሰዓት በታች ሆኖ የሚሠራው ለአውሮፕላን ሕግ ተብሎ ነው። ቻርጀሩ ከባድ ስለሆነ የእጅ ሻንጣ የኪሎ ገደብ ያለባችሁ አስቡበት።

ቻርጀሩ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል ትራንስፎርመር አያስፈልግም። የሚቀየረው ከቻርጀሩ ጡብ እስከ ግድግዳው ያለው ኬብል ብቻ ነው፣ ይነቀላል። በትንሽዬ የጉዞ አዳፕተር ላይ 200 ዋት ማንጠልጠል ግን ጥሩ አይደለም። ከላላ ይሞቃል፣ ፕላስቲኩም ይቀልጣል። እዚያው አዲስ አበባ የምድር መስመር ያለው ባለ ክብ እግር ኬብል ይገዛ። ብዙዎቹ የዴስክቶፕ ኮምፒውተር ኬብል ይወስዳሉ።

#10 ጠባብቤት

በጣም ጠቃሚ ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሌላ ሐሳብ መጣ። 24 ኢንች ሞኒተር ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ላፕቶፑን ዘግቶ በቁሙ ማስቀመጥስ? ያኔ ሎክም ቢሆን ከጠረጴዛው 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው የሚይዘው።

#11 ግድግዳሠሪዋ

ስለ መስቀሉ እኔ ልመልስ። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ በአብዛኛው ባዶ ሆድ ብሎኬት ነው። ፊሸር አስገብተህ ስታጠብቀው ከልስኑ ጀርባ ያለው የብሎኬቱ ቆዳ ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው፣ ከዚያ ወዲያ ባዶ። ሞኒተሩ ራሱ 3 ወይም 4 ኪሎ ነው፣ ያን ይችላል። የሚያወጣው የክንዱ ርዝመት ነው። የሚታጠፍ ክንድ 40 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ሲሳብ የላይኛውን ብሎን እንደ ማንሻ ይጎትተዋል፤ በየቀኑ ሲንቀሳቀስ ፊሸሩ ቀዳዳውን እያሰፋ ይመጣል። መጀመሪያ የምታዪው ወይም የምታየው ምልክት በብሎኑ ዙሪያ የሚረግፍ ነጭ ዱቄት ነው። ያን ስታይ አውርደው።

ስለዚህ የማይሳብ፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ጠፍጣፋ መያዣ ተጠቀም። ጥልቀቱ 45 በሆነ ጠረጴዛ ላይ ሞኒተሩ ከግድግዳው 5 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ ከዓይንህ ርቀቱ ልክ ነው፣ ክንድ አያስፈልግም። ከሞኒተሩ ጀርባ አራት ቀዳዳ መኖሩንና በመካከላቸው 75 ወይም 100 ሚሊ ሜትር መሆኑን ሳታይ አትግዛ። ቀዳዳ የሌለው ሞኒተር በገበያው ሞልቷል። ለግድግዳው ባዶ ሆድ ውስጥ ተከፍቶ የሚይዝ ፊሸር ጠይቅ። ድሪሉን በመዶሻ ሞድ አታድርገው፣ ቆዳውን ከውስጥ ይሰብረዋል። በተራው ማዞሪያ ቀስ ብለህ ብሳ።

ተከራይ ከሆንክና ግድግዳ መብሳት ካልተፈቀደ በጠረጴዛው ጠርዝ የሚነክስ ክንድ አለ። ጠረጴዛው ቺፕውድ ከሆነ ግን ንክሻው ያደቀዋል። ከላይም ከታችም 10 በ10 የሆነ የብረት ወይም የጣውላ ሳህን አድርግለት።

#12 ብሎንፈቺ

እህቴ ግድግዳሠሪዋ በደንብ አስረዳችው። ዘግቶ በቁም ማቆሙ ላይ ግን ጥንቃቄ አለው።

ሲዘጋ ሁሉም ላፕቶፕ እኩል አይተነፍስም። አንዳንዱ በኪቦርዱ ክፍተት ጭምር አየር ይስባል፣ አንዳንዱ ትኩሱን አየር ማጠፊያው ላይ ወደ ስክሪኑ ሥር ይተፋል። የኋለኛውን ዘግተህ ለሦስት ሰዓት ብትጫወት ሙቀቱ በቀጥታ የስክሪኑን የታች ጠርዝ ይጠብሰዋል። ኦሌድ ሲሆን ደግሞ ጉዳቱ ከባድ ነው። ትኩሱ አየር ከማጠፊያው በታች ካለው ከ«ጅራቱ» የሚወጣ ከሆነ ይሻላል፤ ሎክ ከዚህ ወገን ነው። ቢሆንም ስታቆመው መውጫው ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን እንጂ ወደ ጠረጴዛው እንዳይሆን።

ለእኔ የሚሻለው ዘግቶ ማቆም ሳይሆን ከሞኒተሩ ሥር 12 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው መደርደሪያ ሠርቶ ላፕቶፑን ስክሪኑን ትንሽ ገርበብ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። ያኔ ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ኪቦርድና ማውስ ብቻ ይቀራሉ። የቁጥርና የተግባር ቁልፍ የሌለው ኪቦርድ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። 70ው ወርድ ላይ ለማውስ 40 ሙሉ ይተርፍሃል።

#13 ሃምሳዋት

ሞኒተር ከገባ ስሌቱ ተገለበጠ። የጂ14 ትልቁ ብልጫ ስክሪኑና ቅለቱ ነው። ላፕቶፑ ከመደርደሪያ የማይወርድ ከሆነ ለነዚያ ሁለቱ መክፈል ትርጉም የለውም። ሎክ 15ን ወስዶ በልዩነቱ ሞኒተር፣ መያዣና ኪቦርድ መግዛት ይቻላል። ላፕቶፑ በየቀኑ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄድ ከሆነ ግን ታፍ ኤ14 ወይም ጂ14 ነው፤ 2.4 ኪሎና ቻርጀሩን በታክሲ ተሸክሞ መሄድ አይቻልም ባይባልም ይከብዳል።

ኤችዲኤምአዩን ስትሰካ ምስሉ በቀጥታ ከአርቲኤክሱ እንደሚወጣ አረጋግጥ። ኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓናል ውስጥ «PhysX» የሚለውን ገጽ ስትከፍት እያንዳንዱ መሰኪያ ከየትኛው ቺፕ ጋር እንደተያያዘ በሥዕል ያሳይሃል። ሞኒተሩ በኢንቴል ወይም በኤኤምዲ ውስጣዊ ቺፕ ሥር ከታየ ፍሬም ትከስራለህ፣ ሌላ መሰኪያ ሞክር።

#14 ጎተራ

«ቦታ» ሲባል ውስጡንም አስቡ። 512 ጊጋ የሚል ላፕቶፕ ዊንዶውስ ላይ የሚታየው 476 ነው። ዊንዶውሱና ማሻሻያዎቹ ከ50 በላይ ይወስዳሉ። ኤፍሲ 25 እና ካውንተር ስትራይክ 2 እንደ ቅደም ተከተላቸው 100 እና 85 ጊጋ ይጠይቃሉ፣ ሳይበርፐንክ 70። ሦስቱ ብቻ 255 ናቸው። የትምህርት ፋይልና ሌላ አንድ ሁለት ትልልቅ ጌም ሲጨመር ሞላ። ኤስኤስዲ (የላፕቶፑ ማከማቻ) እስከ አፉ ሲሞላ መጻፉም ይዘገያል፤ 15 በመቶውን ባዶ ተወው።

ሎክ ሁለት የኤም ዶት 2 (የኤስኤስዲ) ማስገቢያ አለው፣ ጂ14 አንድ ብቻ ነው ያለው፤ እሱ ላይ ለመጨመር ነባሩን አውጥቶ መቀየር ነው። ስትገዛ ርዝመቱን እይ። የተለመደው 2280 የሚባለው 8 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ግን 2242 የሚባል 4.2 ሴንቲ ሜትር አጭር ብቻ የሚቀበል ማስገቢያም አለ። መክፈቻውን ፈትቶ ብሎኑ የሚያርፍበትን ቀዳዳ ሳያዩ መግዛት ነው ሰውን የሚያሳስተው።

ጌም ከጓደኛ ለመውሰድ ኢንተርኔት አታባክን። ስቲም ከ2023 ጀምሮ በአንድ ራውተር ላይ ካለ ሌላ ኮምፒውተር ጌሙን በቀጥታ ይገለብጣል። በዳውንሎድ ሴቲንግ ውስጥ በሁለቱም በኩል ይፈቀድ። በኬብል ከሆነ በዋይፋይ ከሚፈጀው ጊዜ በጣም ያነሰ ነው።

#15 ጠባብቤት

ሞኒተሩና ሎኩ ይሻላል ማለት ነው። ላፕቶፑ ከግቢው አይወጣም። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ስቱዲዮ ስለሆነ ማታ የሚተኛ ሰው አለ፣ ድምፁን እንዴት ልቀንስ? ዘመዴ ያገለገለ ካገኘስ ምን ይፈትሽ?

#16 ሃምሳዋት

ድምፁ ከሙቀት ነው የሚመጣው፣ ሙቀቱ ከዋት። ስለዚህ ከፍሬሙ ጀምር። ኤፍሲን በ60 ፍሬም ገድበው። ጂፒዩው ግማሽ ጉልበቱን ሳይጠቀም ይሠራዋል። ሎክ ላይ የፋንክሽን ቁልፉንና ኪው የተባለውን ፊደል አብረህ ስትጫን ሁነታው ይቀያየራል፤ መብራቱ ሰማያዊ ሲሆን ጸጥተኛው ነው።

ካልበቃ የሲፒዩውን ዝላይ ዝጋ። በዊንዶውስ የኃይል አማራጮች ውስጥ የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ ደረጃ ከ100 ወደ 99 በመቶ አውርደው። አንድ በመቶ ይመስላል፣ ግን ፕሮሰሰሩ ከመነሻ ፍጥነቱ በላይ መዝለሉን ያቆማል፣ ሙቀቱም በ10 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ይወርዳል። ኤፍሲም ሳይበርፐንክም ብዙ አይጎዱም። ካውንተር ስትራይክ ግን ሲፒዩ ስለሚወድ ለእሱ መልሰው። ማስተካከያው በአንዳንድ ላፕቶፖች ተደብቋል፤ ካጣኸው በጸጥተኛው ሁነታ ተወው።

ሁልጊዜ ተሰክቶ ስለሚውል በሌኖቮ ቫንቴጅ ውስጥ የባትሪ መጠበቂያውን አብራው። ቻርጁን 80 በመቶ ገደማ ላይ ያቆመዋል። ሙሉ ሆኖ ሙቀት ላይ የሚውል ባትሪ ነው ቶሎ የሚያብጠው።

#17 ብሎንፈቺ

ያገለገለ ከሆነ በዚህ ቅደም ተከተል ይፈትሽ።

ከማብራቱ በፊት ዘግቶ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጠውና አራቱን ማዕዘኖች በተራ ይጫን። የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ወይም የማውስ ሰሌዳው ከፍ ብሎ አልጫን ካለ ባትሪው አብጦ ሊሆን ይችላል። እዚያው ይተወው፣ በአውሮፕላንም አይጫንም።

ቀጥሎ ቻርጀሩን ያንብብ። ቮልቱን በአምፒሩ ያባዛ። 20 ቮልት በ8.5 አምፒር 170 ዋት ነው፣ በ11.5 አምፒር 230። ላፕቶፑ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ስንት እንደሆነ ከሞዴሉ ቁጥር ያረጋግጥ። በአነስተኛ ቻርጀር የተቀየረ ላፕቶፕ ይሠራል፣ ግን እየተጫወቱ ተሰክቶ እያለ ባትሪው ይወርዳል። ይህን ምልክት ብዙ ሰው የባትሪ ብልሽት ይመስለዋል።

ሲበራ ከኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓናል የሲስተም መረጃ ገጽ ላይ የግራፊክሱን ከፍተኛ ዋት ይይ። ታስክ ማናጀር ውስጥ የሜሞሪ ገጹ ከሁለት ማስገቢያ ስንቱ እንደተያዘ ይነግረዋል። አንድ 16 ጊጋ ብቻውን ከሆነ ለሁለተኛ እንጨት (የራም ቁራጭ) የሚሆን ገንዘብ ይያዝ፤ በአንድ እንጨት የሚሠራ ራም የመንገዱን ግማሽ ብቻ ነው የሚጠቀመው፣ በተለይ ካውንተር ስትራይክ ላይ ይታያል።

መጨረሻ ላይ ከባድ ጌም ለ20 ደቂቃ ይክፈት። አምስት ደቂቃ አይበቃም፣ መዳቡ ገና አልሞቀም። ጂፒዩው 87 ዲግሪ ላይ ተጣብቆ ፍሬሙ ከመጀመሪያው በግልጽ ከወረደ አንድም በአቧራ ታፍኗል፣ አንድም ቴርማል ፔስቱ ደርቋል። ሁለቱም ይጠገናሉ፣ ግን ዋጋው ላይ ይነጋገርበት።

#18 ደጋአየር

በአቧራው ላይ ልጨምር። ዝናቡ ከቆመ በኋላ ያለው ወቅት ለፋን ከባድ ነው፤ ከጥቅምት በኋላ በየሦስት ወሩ ይከፈትና ይጸዳ። አየር ሲነፋ ፋኑን በእንጨት ወይም በጣት ያዙት። በነፋስ ኃይል ከልክ በላይ ከተሽከረከረ ኩሽኔታው ይጎዳል። የሚነፋውም ከመውጫው ክንፍ ወደ ውስጥ ነው፤ አቧራው እንደ ምንጣፍ የሚደነድነው በፋኑና በክንፉ መካከል ስለሆነ ከፋኑ በኩል ስትነፉት ይበልጥ ትወትፉታላችሁ።

አንዳንድ የአሱስ ሮግ ሞዴሎች፣ ጂ14ንም ጨምሮ፣ ሲፒዩው ላይ ፈሳሽ ብረት አላቸው። ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ጠብ ካለ ቦርዱን ያቃጥላል፣ አሉሚኒየም ከነካም ይበላዋል። ፋኑን ለማጽዳት የታች ክዳኑን መክፈት ችግር የለውም፣ የመዳቡን ቱቦ ግን ለማያውቀው ባለሙያ አታስፈቱ።

#19 ጠባብቤት

የዛሬው ልኬት ይኸው። ጠረጴዛው 5 ሴንቲ ሜትር ይሳባል፣ በሩ አይያዝም። በሞኒተሩ ቦታ ግድግዳው ሲንኳኳ ባዶ ድምፅ አለው፣ 20 ሴንቲ ሜትር ወደ ግራ ግን ድፍን ነው፤ ኮለን ይመስላል።

#20 ግድግዳሠሪዋ

ኮለን ከሆነ ሞኒተሩን 20 ሴንቲ ሜትር ወደ ግራ ውሰደው፤ ለማውስ እጅህም ይመቻል፣ ከቁም ሳጥኑ ትርቃለህ። ኮንክሪት ላይ ተራው ባለ 8 ሚሊ ሜትር ፊሸር ይበቃል፣ እዚያ ላይ የመዶሻ ሞዱን ተጠቀም። ከመብሳትህ በፊት ሶኬቱና ማብሪያው የት እንዳሉ እይ። የኤሌክትሪክ ቱቦ በአብዛኛው ከነሱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይሄዳል፤ ከዚያ መስመር በየጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር ራቅ፣ ቆጣሪውንም አጥፋ። ድሪሉን በኤክስቴንሽን ከጎረቤት ወይም ከኮሪደር አምጥተህ ነው የምትሰካው።